ሥጋ የተከለከለው የሥጋ ቤት ቡችላ

እትዬ ቢላዋ ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም። አንዳንዱ ከእጇ ነው የመጣው ይላል፣ አንዳንዱ ከአፏ። እሷን የጠየቃት ካለ፣ «ሁለቱም ይቆርጣል፤ ደስ ያለህን ያዝ» ትለውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሥጋ ቤቷ መንገዱ ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ ናት። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው በላይ መንጠቆ የተደረደረበት የብረት ዘንግ፣ ከጎን ሚዛን፣ ከኋላ የእጅና የቢላዋ መታጠቢያ ገንዳ፣ ከዚያ ወዲያ በቆርቆሮ የታጠረች ጓሮ። መክተፊያው ግንድ መሀሉ ጎድጉዷል። አባቷ ጀመረው፣ እሷ ቀጠለችበት፤ የሁለት ሰው ዕድሜ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አለ።

ትምህርት ቤት የቆየችው ጥቂት ነው። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቢላዋው ሌላ ያዥ ፈለገ። ወንድም አልነበራትም። ቦርሳዋን ሰቅላ ሽርጥ አሰረች። ማንም አላስገደዳት፣ ማንም ደግሞ ፈቃዷን አልጠየቃት፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ሰሞን ደንበኛ ይገባና ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «እዚህ ቤት ወንድ የለም እንዴ?» ይላል። እሷም፣ «አለ እንጂ፣ መንጠቆው ላይ ተሰቅሏል። ከየት በኩል ልቁረጥልህ?» ትላለች። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይወጣል። አብዛኛው ይስቅና ይገዛል። ተቆጥቶ የወጣውም ውሎ አድሮ ተመለሰ፤ ሥጋን ከጅማቱ እንደ እሷ አጥርቶ የሚያወጣ በሰፈሩ አልነበረምና።

አገባች። ባሏ ሞተ። ሲሞት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መከራት። ዝጊው፣ ሽጪው፣ ሴት ብቻዋን ሥጋ ቤት አትይዝም፣ ዕድሜሽም ገፋ፣ በቃ ተቀመጪ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ጨረሳችሁ?» አለች።

«ጨረስን።»

«በሉ ደህና ዋሉ። ሥጋው የሚመጣበት ሰዓት ነው።»

ከዚያ ወዲህ የባሏ ታናሽ ወንድም አብሯት ይሠራል። ዋርሳዋ ረዥም፣ ለስላሳ ሰው ነው። ችግር ሲመጣ ከችግሩ ይልቅ «ሰው ምን ይለናል» የሚለው ያስጨንቀዋል። እሷ በበኩሏ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ጓጉታ አታውቅም፤ ሰው የሚለውን ፊት ለፊቷ ነው ሲላት የኖረው።

ውሻ ወደዚያ ቤት የገባው በሌባ ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት መጥተው ሲከፍቱ የጓሮው ቆርቆሮ ተገንጥሏል፣ ከመንጠቆው ላይ ግማሽ በሬ ወርዶ ሄዷል። ዋርሳዋ ከአንድ መጋዘን ጠባቂ ወዳጁ ቡችላ ይዞ መጣ። እናቱ ጥጃ ታክላለች አለ። ቡችላው ገና ከእጅ ሳይወርድ መዳፉ እንደ ሰው ጡጫ ነው። እትዬ ቢላዋ አየችውና ከንፈሯን ጣለች። ሥጋ ሻጭ ውሻ አይወድም። ዕድሜ ልኳን ከበሩ ላይ ውሻ ስታባርር፣ የእርጥብ ጨርቅ ውርወራ ስትለማመድ ነው የኖረችው።

«ይሄ ነው ሌባ የሚይዘው?» አለች። «አፍንጫው ላይ ወተት አለ እኮ።»

«ያድጋል እትዬ።»

«ሁሉም ያድጋል። ጉዳዩ ምን ሆኖ ነው የሚያድገው ነው።»

ቡችላው ወረደና ጫማዋ ላይ ተኛ። አልገፋችውም። ሥራ በዝቶባት ነው ቢባልም፣ እስኪነቃ ድረስ እግሯን ሳታንቀሳቅስ ስትቆርጥ ዋለች። በማግስቱ ስም አወጣችለት፤ ኮርማ።

ኮርማ የሚበላውን እሷ ራሷ ነበር የምታዘጋጅለት። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ በፊት ከጭኑ ቀዩን ትመርጣለች፣ ስቡን ትገፋለች፣ ጅማቱን ትመዛለች፣ በቀጭን ቢላዋ ትከትፋለች። ለደንበኛ ያን ያህል አትጨነቅም። አጥንት የሚባል ነገር ግን አፉ አይደርስም። አጥንቱን የሾርባ ቤት ሴቶች ገና ሳይነጋ መጥተው የሚወስዱት ነው፤ ደግሞም አጥንት መጋጥ በእሷ ዓይን የመንገድ ውሻ ምልክት ነው። «የኔ ውሻ አይግጥም» ትላለች። «ዳቦም አይለቃቅምም፣ ፍርፋሪም አይለምንም። የሥጋ ቤት ልጅ ነው፣ ሥጋ ይበላል።» የሚያያት ሁሉ ይቀናል። አንዱ ደንበኛ፣ «እኔን ለምን በውሻ ቦታ አትቀጥሪኝም?» ይላታል። «አንተማ ትጮኻለህ እንጂ አትጠብቅም» ትለዋለች።

ኮርማ እንደ ሊጥ ተነፋ። በየሳምንቱ የአንገቱ ማሰሪያ ይላላለታል። ጠጉሩ ያብለጨልጫል፣ ደረቱ ሰፋ። ዋርሳዋ ከመንገድ ማዶ ያለውን ጫማ ሰፊ ሳይቀር እየጠራ ያሳያል።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ሲመጣ የፊት ቀኝ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ነበር። ዋርሳዋ መዳፉን ገልብጦ አየ፤ ሚስማር የለም፣ ቁስል የለም። «ተኝቶበት ይሆናል» አሉ። ትንሽ ቆይቶ በደህና እግሩ የቆመ መሰለ። ከዚያ ደግሞ የኋላ ግራውን አነከሰ። እሱ ሲሻለው ወደ ፊት ግራው ዞረ። ሥጋ ቤቱ ሳቀ።

«ይሄ ውሻ አይደለም፣ ተዋናይ ነው» አለ ዋርሳዋ። «የትኛው እግሩ እንደሚያመው ራሱ ረስቶታል።»

«ሥራ ሊጀምር ሲል ታመመ» አለ ጫማ ሰፊው። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው።»

እትዬ ቢላዋም ሳቀች። መሳቋ ቀላል ነበር፤ ብዙም አልቆየ። ከሰዓት በኋላ ከባንኮኒው ሥር ልታስነሳው በብብቱ ይዛ ብድግ ስታደርገው ጮኸ። ውሻ ሲረገጥ እንደሚጮኸው ያለ ጩኸት አይደለም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ። አስቀመጠችው። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ደም ሳይኖርበት። ከዚያ በኋላ «ተዋናይ» ያለ ሰው ካለ ቀና ብላ ታየዋለች።

ወጌሻ ጠራች። ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩን ትከሻና ቁርጭምጭሚት ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል። ኮርማን ከትከሻው እስከ ጥፍሩ ዳበሱት። መገጣጠሚያው ላይ ሲደርሱ ዝም አለ፤ ከመገጣጠሚያው ወረድ ብለው ረዥሙን አጥንት መሀል ላይ ሲጫኑት ግን አንገቱን አዙሮ እጃቸውን በጥርሱ ያዘ። አልነከሰም፣ ያዘ ብቻ።

«ልጄ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም» አሉ። «የወለቀ ብመልስልሽ፣ የታጠፈ ባቀናልሽ ደስ ባለኝ። ይሄ ሕመም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። እኔ የሚዞር ሕመም አላባርርም። ሐኪም ጋ ሂጂ።»

«ደክሞት ቢሆንስ? ምግብ ቢያንሰው?»

«እሱን አላውቅም» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

እሷ ግን ያወቀች መሰላት። ልጅ ሲደክም ምግብ ይጨመርለታል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ምን አለ? ቀይ ሥጋውን ጨመረች። ጉበት ጨመረች። ኮርማ ተኝቶ በላ፣ ምክንያቱም መቆም አልፈለገም። በጎድጓዳው ሳህን ፊት ሆዱ ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ወደ እሷ እያነሣ ይልሳል። ይህን ስታይ ውስጧ የሚላት ነገር ነበር፤ ግን አላዳመጠችውም።

የእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ከብረታ ብረት ሱቆቹ መደዳ መጨረሻ ላይ ናት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጋውኗ ላይ የድመት ጠጉር የማይጠፋ። ኮርማን ጠረጴዛው ላይ አላወጣችውም፤ እሷ ራሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እግሮቹን በየተራ በጣቷ እየተጫነች፣ ፊቱን እያየች ሄደች። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያበሉት?»

እትዬ ቢላዋ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ያህል ደረቷን ነፋች። «ሥጋ። ንጹሕ ቀይ ሥጋ። ስብ የለው፣ ጅማት የለው።»

«ሌላስ?»

«ጉበት።»

«ሌላስ? አጥንት፣ ወይም የቡችላ መኖ፣ ወይም…»

«ምን ሲደረግ! እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ እኮ ልጄ።»

ሐኪሟ እጇን ከኮርማ እግር ላይ አነሣች። «ያሳመመው እሱ ይመስለኛል» አለች። «ሥጋው ብቻውን። ራጅ እናንሣውና…»

«ማን?»

«ሥጋው።»

በዚያች ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለ ሁሉ መድገም አያስፈልግም። እትዬ ቢላዋ አባቷንም፣ ግንዱንም፣ በሥጋዋ ያደጉትን የሰፈሩን ልጆችም ጠራች። ትላንት ጋውን የለበሰች ልጅ ዛሬ ሥጋ መርዝ ነው ልትለኝ ነው አለች። ሐኪሟ «መርዝ አላልኩም» ስትል አልሰማችም። ኮርማን በክንዷ አቀፈችው፤ ሲጮኽ ክንዷን አላላች፣ ግን ወጣች።

በመንገድ ላይ ከበደ። እንደ ስሙ ከበደ። ሁለት ቦታ ላይ ቆማ አረፈች፣ ሰውም አያት፣ እሷም ያያትን አየችው።

ዋርሳዋ፣ «ምን አሉ?» አላት።

«ምንም። ልጅ ናት።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነገሩ ወደ ታች ሄደ። ኮርማ ጓሮው በር ላይ ካለችው አንዲት ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ፤ ዘለለ እንኳን አይባልም፣ ወረደ። ያን ጊዜ የጮኸውን ባንኮኒው ላይ የነበሩ ደንበኞች ሁሉ ሰሙት። አንዷ ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ ጆሮዋን ያዘች። የኋላ እግሩ ከዚያ ወዲያ መሬት አልነካም።

ዋርሳዋ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ሌሊት ሌሊት ስለዚያ ጩኸት ሲያስብ፣ ቀን ቀን ደግሞ «የታመመ እንስሳ ሥጋ ቤት ውስጥ» የሚለውን ወሬ ሲያስብ፣ ሁለቱ ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙበት። ጋሪ የሚገፋ ሰው አነጋገረ። ሰውየው እትዬ ቢላዋ ደንበኛ በበዛባት ሰዓት በጓሮ በኩል ጆንያ ይዞ ገባ።

እሷ ያወቀችው በዝምታው ነው። ኮርማ ሰው ሲመጣ ቢያመውም ጅራቱን ቆርቆሮው ላይ ይመታ ነበር፤ ቆርቆሮው ተንኳኳና ድንገት ቆመ። ሚዛን ላይ ያለውን ሥጋ ትታ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ወጣች። ጋሪ ገፊው ጎንበስ ብሏል፣ የጆንያው አፍ ተከፍቷል፤ ዋርሳዋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጆንያ ነው» አለ ጋሪ ገፊው።

«ጆንያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ሊሆን ነው የመጣው ነው ያልኩት።»

«እትዬ» አለ ዋርሳዋ ሳይዞር፣ «ስቃዩን አታይም? ከዚህ ሁሉ መገላገል አይሻለውም? እኔ እኮ አዝኜለት ነው።»

«ስታዝኑ ጆንያ ነው የምታመጡት?»

«ምን ይደረግ ታዲያ? ወጌሻ አልሆነ፣ ሐኪም አልሆነ። አይነሣም ይሄ። ቆርጦለታል።»

«የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እዚህ ቤት ይታወቃል» አለች። ከዚያ ወደ ጋሪ ገፊው ዞረች። «አንተ ወንድሜ፣ ጥፋትህ አይደለም። ጆንያህን እጠፍና በመጣህበት እግር ውጣ። ባንኮኒው ጋ ጠብቀኝ፣ ጋሪህን እፈልገዋለሁ።»

ሰውየው አንዴ ቢላዋውን፣ አንዴ ፊቷን አየ። ፊቷ ሳያስፈራው አልቀረም፤ ጆንያውን አጠፈ።

ጎንበስ ብላ ኮርማን ስታየው ሳህኑ አጠገቡ ነበር። የጠዋቱ ሥጋ፣ ግማሹ ሳይበላ። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ምንም የሌለበት። እንደዚያ ቆማ ስታየው ዋርሳዋ የምታለቅስ መስሎት ነበር። አላለቀሰችም። ሳህኑን አነሣችና ለጎረቤት ድመቶች በአጥሩ ላይ ደፋችው።

ኮርማን በትልቁ የሥጋ ትሪ ላይ አድርገው ትሪውን ጋሪው ላይ ጫኑት። ደንበኞቹን፣ «ዛሬ ዘግቻለሁ» አለቻቸው። «ለውሻ ተብሎ ይዘጋል እንዴ?» ያለ ነበር። «ለውሻዬ ነው የዘጋሁት፤ ላንተ ከሆነ ግን አልዘጋም ነበር» አለችና መዝጊያውን በላዩ ላይ አወረደችው።

ሐኪሟ ደጃፍ ላይ ቆማ ጋሪው ሲመጣ አየች። እትዬ ቢላዋ ሰላምታም ይቅርታም አላለችም።

«ያን ቀን ያልሽውን ድገሚልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ።»

መጀመሪያ ራጅ አነሡት። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ አደረገችው። እትዬ ቢላዋ አጥንት ታውቃለች፤ ዕድሜ ልኳን ያየችው አጥንት ነው። ያየችው ግን አጥንት አይመስልም። በዙሪያው ካለው ሥጋ ብዙም ያልነጣ፣ እንደ ጭስ የሳሳ ነገር ነው። የኋላ እግሩ ላይ አጥንቱ እንደ እርጥብ እንጨት ታጥፏል፤ ሳይለያይ ተሰንጥቋል።

«አጥንት የሚሠራበት ነገር ሥጋ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል የለም» አለች ሐኪሟ። «ካልሲየም ማለት ነው። ልብና ጡንቻ እንዲሠራ ደግሞ ደሙ ያን ነገር የግድ ይፈልጋል። ከምግቡ ሲያጣ ካለበት ይወስዳል።»

«የት ነው ያለው?»

«አጥንቱ ውስጥ።»

እትዬ ቢላዋ ፊልሙን አየች። «ከራሱ አጥንት እየበላ ነው የምትይኝ።»

«እንደዚያ ነው። ትልቅ ውሻ ቢሆን ይዘገይ ነበር። ይሄ ገና እያደገ ነው፤ ትልቅ ዘር ስለሆነም ቶሎ ቶሎ ነው የሚያድገው፣ ያንሰዋል። ለዚያ ነው ሁሉም እግሩ በየተራ የሚያመው። እያስመሰለ አልነበረም።» ከዚያ ጣቷን ሌላኛው ፊልም ላይ አሳረፈች። «ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን እትዬ፣ መናገር ስላለብኝ ነው። ማዳኑ ብዙ ድካም አለው። ሰው እዚህ ሲደርስ እንስሳው እንዳይሠቃይ በመርፌ ይረፍ የሚልበት ጊዜ አለ። እሱን ቢመርጡ ማንም…»

«ነገርሽኝ» አለች እትዬ ቢላዋ። «ሰማሁ። እምቢ። ቀጥዪ።»

ሐኪሟ ቀጠለች። ሥጋ ለጊዜው የለም። ለትልቅ ዘር ቡችላ ተመጥኖ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ፣ በልክ። በጠባብ ቦታ መዘጋት፤ መሮጥ፣ መዝለል፣ ደረጃ የለም። ለሕመሙ ከዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ብቻ፣ የሰው ክኒን በፍጹም።

«አጥንት ፈጭቼ ብሰጠውስ? ከኔ ቤት የሚጠፋ አይደለም።»

«በግምት አይሆንም። ሲበዛም ይጎዳል። መኖው ውስጥ ተለክቶ ገብቷል።»

«ጉልበት እንዲያገኝ ትንሽ ጉበት…»

«እትዬ!»

«እሺ። ጠየቅኩ እንጂ አላልኩም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዋርሳዋ በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። የሆነውን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ውስጥ ጎትቷት ድምፁን ቀነሰ።

«እትዬ፣ በናትሽ ይሄን ለሰው እንዳትነግሪ። የሆነ ነገር ውጦ ነው እንበል። በሥጋ ታመመ ከተባለ ማን ይገዛናል? የሥጋ ቤቱን ውሻ ሥጋው ገደለው ይሉናል።»

«አልሞተም።»

«ይሉናል ነው ያልኩሽ!»

«ይበሉ።»

የሥጋ ማመላለሻ የፕላስቲክ ሳጥኖቹን ሰበሰበች፣ አጠበች፣ ደራረበችና በጓሮው በር ላይ፣ ከባንኮኒው ፊት ለፊት በሚታየው ቦታ አጥር ሠራች። መሀሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሞላችው። ዋርሳዋ ወደ ውስጥ ወደማይታየው ጥግ እንዲሆን ለመናት። እሷ ግን ካለበት አላነቃነቀችውም። የተዘጋ እንስሳ ሰው ማየት ይፈልጋል አለች፤ ሰው ደግሞ እሱን ቢያየው ዓይኑ አይጠፋም።

በማግስቱ ወሬው ከራሷ አፍ ወጣ። የጠየቃትን ሁሉ እንዳለ ነገረችው። ሰፈሩም የሚጠበቅበትን አላጓደለም።

«ሥጋ ቤት ገብቶ ሥጋ የተከለከለ የመጀመሪያው ፍጡር!» አለ ጫማ ሰፊው። «ምን በደለሽ?»

«እትዬ ቢላዋ፣ ሥጋሽ አጥንት ያሳሳል የሚሉት እውነት ነው?» አለ አንድ ደንበኛ፣ ከበሩ ሳያልፍ።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እውነት ነው፤ ለሚያድግ ቡችላ፣ ሌላ ምንም ሳይቀምስ፣ ጠዋት ማታ እሱን ብቻ ሲበላ። አንተ ቡችላ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እያደግክ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሰውየው ዕድገቱ ድሮ ነው የቆመው፤ የቆመውም ብዙ ርቀት ሳይሄድ ነው።

«እንግዲያው ያንተ አጥንት ጉዳይ እኔን አይመለከትም። ልቁረጥልህ ወይስ መንገድ ልትዘጋ ነው የመጣኸው?»

ቆረጠችለት። ለጥቂት ሰሞን ያልመጡም ነበሩ። ያልመጡትን ስም እየጠራ ዋርሳዋ ሲተክዝ፣ እሷ የራሷን ሥራ ትሠራለች። ከባዱ ነገር እነሱ አልነበሩም። ከባዱ ኮርማ ራሱ ነበር። የሥጋ ሽታ አፍንጫው ሥር እየዋለ፣ ያን እንደ ጠጠር ደረቅ ነገር ስትሰጠው ያሸትና ፊቱን ያዞራል። በሞቀ ውኃ አርሳ በእጇ ትሰጠዋለች። የቢላዋውን ድምፅ በሰማ ቁጥር ምራቁ ይወርዳል፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው ያለቅሳል። ስትከትፍ ጀርባዋን ሰጥታው ነው። እጇ የለመደውን ለማድረግ፣ ከጭኑ ቀዩን ቆርጦ ወደ ኋላ ለመወርወር፣ በየጠዋቱ ይሄዳል፤ በየጠዋቱ ትመልሰዋለች። ለሰው ሁሉ እምቢ ስትል ኖራለች፣ ለራሷ እጅ ግን አልተለማመደችውም።

አንድ ቀን ከመታጠቢያው ስትመለስ ዋርሳዋ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። እጁ ከኪሱ እየወጣ ነው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ምንም።»

«እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። የተከተፈ ሥጋ፣ ቀይ፣ ጅማቱ ሳይቀር ተመዞለት።

«ዓይኑን አየሁታ እትዬ» አለ። «እንዴት ነው የምትችዪው? እንዴት ያስችልሻል?»

«በጆንያ ልታስወጣው የነበርከው ሰውዬ ዛሬ አንጀትህ ራራ?»

«ያን ጊዜም ራርቶ ነበር።»

ይህን ሲል እውነቱን እንደሆነ ገባት። ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ። ሥጋውን ከእጁ ወሰደች።

«ስማ» አለችው። «እኔም በፍቅር ነው እዚህ ያደረስኩት። ያንተንም ጨምረንበት አንጨርሰው። ከአሁን ጀምሮ ማታ ማታ መኖውን የምትሰጠው አንተ ነህ። ይጥላል፤ አንሥተህ ደግመህ ስጠው። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ልትራራ ከፈለግክ እንደሱ ነው የሚራራው።»

ሰጠው። መጀመሪያ እጁ ላይ ተፋበት፣ ኋላ በላለት። ዋርሳዋ የበላበትን ቀን ለጫማ ሰፊው ሲናገር ልጁ ፈተና ያለፈለት አባት ይመስል ነበር።

ጊዜው ሄደ። ዝናቡ መጥቶ ጓሮውን አጥቦ አለፈ፣ የሳጥኑ አጥር አንድ ደረጃ ከፍ ተደረገ፣ ኮርማ ውስጡ እየተጠበበ መጣ። መድኃኒቱ ተቀነሰ፣ ቆመ። አንድ ቀን ስትነካው እንዳልጮኸ ያስተዋለችው ከነካችው በኋላ ነው። ወደ ሐኪሟ በጋሪ ሄዱ፤ ያው ጋሪ ገፊ፣ ያለ ጆንያ። አዲሱ ፊልም ላይ አጥንቶቹ ነጥተዋል፣ ወፍረዋል። የኋላ እግሩ ስንጥቅ ቋጥሮ ገጥሟል። የፊት ግራው ግን እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎብጧል።

«ይሄኛው አይቃናም» አለች ሐኪሟ። «በደከመበት ጊዜ ክብደቱን የተሸከመው እሱ ነው። ይራመዳል፣ ቀስ እያለ ይሮጣልም። መልኩ ግን እንዲህ ይቀራል።»

«ያመዋል?»

«አሁን አያመውም።»

«መልኩን ማን ጠየቀሽ ታዲያ?»

ሐኪሟ ሳቀች። እትዬ ቢላዋ አልሳቀችም፤ ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም አለችና፣ «ሥጋ ትበዪያለሽ?» አለቻት።

«እበላለሁ።»

«ነይ እንግዲህ። ላንቺ እኔው ራሴ ነኝ የምቆርጠው።» ይቅርታዋ ይህ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የላትም።

ሳጥኖቹን ያነሡት ጠዋት ላይ ነው፣ ደንበኛ እየገባ። ኮርማ አጥሩ ሲነሣ አልወጣም። የት ድረስ እንደተፈቀደለት ያልገባው ይመስል ባለበት ቆሞ ዙሪያውን አሸተተ። ከዚያ መጣ። የጎበጠው እግሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ውጭ ይጠርጋል፤ ትከሻው አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል። ባንኮኒውን ዞረ፣ የደንበኞቹን ጫማ እያሸተተ በመሀላቸው አለፈ። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፈው። መጀመሪያ የተናገረው፣ እንደ ልማዱ፣ ጫማ ሰፊው ነው።

«ይሄን አይቶ የሚፈራ ሌባ ካለ እኔን ጥሩኝ» አለ። «ሲሮጥ ቀድሞ የሚደርሰው ጥላው ነው።»

«ሌላ ቡችላ እናምጣ እንዴ እትዬ?» አለ ዋርሳዋ በቀስታ። «እሱም ይቀመጥ፤ ለጥበቃው ማለቴ ነው።»

«ጠባቂ አለን።»

«አንካሳ ነው እኮ።»

«አንካሳ ጥርስ የለውም ያለህ ማን ነው?»

ኮርማ የበሩ ደፍ ላይ ደረሰ። ፀሐይዋ እዚያ ነበረች። አንዴ ተሽከረከረ፣ የጎበጠውን እግሩን አስቀደመና ሙሉውን መግቢያ ይዞ ተጋደመ። ከውጭ አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ የተቻኮለ ሰው መጣና ቆመ። በጫማው ጫፍ ወደ ውሻው አመለከተ።

«አስነሡልኝ እንጂ! በየት ልግባ?»

ዋርሳዋ ሊያስነሣው ሲራመድ እትዬ ቢላዋ በቢላዋዋ ጠፍጣፋ ጎን ግንዱን መታች። ዋርሳዋ ቆመ።

«በጓሮ በር አለ» አለችው ሰውየውን፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ዞረህ ግባ።»